«ሰው አለው?»

በአማርኛ ስለ ወንበር የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሰው አለው?»። ካፌ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያው ነው። ካለው እናልፋለን፣ ከሌለው እንቀመጣለን። ዋጋው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህንኑ ጥያቄ አውሮፕላን ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲያስጠይቅ የኖረ አየር መንገድ ነበር። ሳውዝዌስት ይባላል፤ የአሜሪካ ነው። ከ1971 ጀምሮ ተሳፋሪውን ያለ ወንበር ቁጥር ሲጭን ቆይቶ ጃንዋሪ 27 ቀን 2026 (በእኛ ጥር 19 ቀን 2018 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ ግን የፈረንጅ ናቸው) ነገሩን አቆመ። አሁን እንደሌላው ሁሉ ቁጥር ይሰጣል።

አሜሪካኖቹ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ተገላገልን ባይ ነው፤ ሌላው አልቃሽ ነው። ሁለቱንም ሰማሁ። ሰምቼ ሳበቃ ግን የተጣሉበት ነገር ትክክለኛው ጠብ አልመስልህ አለኝ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ታሪኩን።

ነገሩ በ10 ደቂቃ ተጀመረ

ሳውዝዌስት ሥራ የጀመረው ዳላስን፣ ሂውስተንንና ሳን አንቶኒዮን በማገናኘት ነበር። በ1972 ገንዘብ አጠረውና ከአራት አውሮፕላኖቹ አንዱን ሸጠ። የበረራ ፕሮግራሙን ግን አልቀነሰም። የአራቱን ሥራ ሦስቱ እንዲሠሩት ተፈረደባቸው። ይህ የሚሆነው ደግሞ አንድ አውሮፕላን አርፎ፣ ሰው አውርዶ፣ ሌላ ሰው ጭኖ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከተነሳ ብቻ ነው። አውሮፕላን ገንዘብ የሚያመጣው አየር ላይ ሲሆን ነው። መሬት ላይ ሲውል፣ ጋራዥ እንደገባ ታክሲ፣ ባለቤቱን ይበላል።

ታዲያ ለ10 ደቂቃ ትልቁ ጠላት ወንበሩን ፍለጋ የሚንከራተት ተሳፋሪ ነው። ወንበሩ 23ኛው ረድፍ ላይ የሆነ ሰው፣ 9ኛው ረድፍ ላይ ሌላው ሻንጣ ሲሰቅል መንገድ ከዘጋበት፣ ከኋላው ያለው ሕዝብ በሙሉ ቆሞ ይጠብቃል። ቁጥር ከሌለ ግን መንገድ የተዘጋበት ሰው አጠገቡ ያገኘው ወንበር ላይ ዘፍ ይላል። ደግሞም ቁጥር የሌለው ሰው አይዘገይም። ከዘገየ የሚተርፈው የመሃል ወንበር መሆኑን ስለሚያውቅ ከሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ ይገተራል።

ሳይንሱም ቢሆን በዚህ አይቀልድም። በ2008 ጄሰን ስቴፈን የተባለ የፊዚክስ ሰው ተሳፋሪ እንዴት ቢገባ እንደሚፈጥን በኮምፒውተር አስልቶ ነበር። ከኋላ ረድፍ ጀምሮ ወደ ፊት የሚጠራው የተለመደ ዘዴ ከዘገምተኞቹ መካከል ሆኖ ተገኘ። ሰው ዝም ብሎ በዘፈቀደ ሲገባ እንኳ ከዚያ ይፈጥናል። ከኋላ ሲጀመር የአንድ አካባቢ ተሳፋሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ተኮልኩሎ ሻንጣ ሊሰቅል ይጋፋላ!

እንግዲህ «ደስ ባለህ ቦታ ቁጭ በል» የሚለው ነፃነት ከእኩልነት ፍቅር አልመጣም። ከሂሳብ ነው የመጣው። ሂሳቡ ሲለወጥ ነፃነቱም ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አውሮፓ ውስጥ ኢዚጄት በ2012፣ ራያንኤር በ2014 ለሁሉም ተሳፋሪ ቁጥር መስጠት ጀምረዋል። ሳውዝዌስት በጁላይ 2024 ውሳኔውን ሲያስታውቅ፣ ከደንበኞቹ 80 ከመቶው፣ ደንበኛ ሊሆኑ ከሚችሉት ደግሞ 86 ከመቶው የተመደበ ወንበር እንደሚመርጡ በጥናት አረጋግጫለሁ ብሏል። ይሁን። ግን ኤሊየት የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በዚያው ሰሞን 1.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ድርሻ ይዞ ትርፍ አምጡ እያለ በር ሲያንኳኳ እንደነበርም አትርሱ። በሜይ 2025 ደግሞ ኩባንያው የታወቀበት የነፃ ሻንጣ ነገር ለአብዛኛው ተሳፋሪ ቀረ።

ወረፋ ነፃ ነው ያለው ማነው?

አልቃሾቹ የረሱት ነገር አለ። ቁጥር የሌለበት አውሮፕላን ውስጥ እኩልነት አልነበረም። ከ2007 ወዲህ ሳውዝዌስት ተሳፋሪውን ኤ፣ ቢ እና ሲ እያለ ከ1 እስከ 60 በተራ ያሰልፈው ነበር። ተራህ የሚወሰነው ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ኢንተርኔት ላይ ገብተህ «አለሁ» በማለትህ ፍጥነት ነው። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ 10 ዶላር የጨመረ ሰው ሳይሻማ ከፊት እንዲሰለፍ ተፈቀደ። ወረፋው ራሱ ገበያ ወጣ ማለት ነው።

አስቡት። ደቂቃዋን የሚቆጥር፣ ስልኩ ላይ ኢንተርኔት ያለው፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ጎረምሳ ኤ ይደርሰዋል። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው ከባልቲሞር ወደ ዳላስ የሚያልፉ እናትስ? ሲ ናቸው። መጨረሻ ይገባሉ፣ ሁለት ግዙፍ ሰዎች መሃል ይቀመጣሉ። ሕግ ያገለላቸው የለም። ሰዓቱን የነገራቸው ሰው ነው የጠፋው።

እኛስ ይህን ከአውሮፕላን በፊት እናውቀው የለ? አውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ በሩ ሲከፈት የሚሮጠውን ሕዝብ ያየ ሰው ለክፍት ወንበር ግጥም አይጽፍም። ጉልበት ያለው ቀድሞ ይገባል። ብልጥ በመስኮት ጃኬቱን ወርውሮ ቦታ ይይዛል። «ሰው አለው?» ስትሉ «አዎ» የሚላችሁ ጃኬት ነው። ልጅ ያዘለችው፣ ሽማግሌው፣ ዕቃ የበዛባት የት ደረሱ? ከኋላ ጎማው ላይ።

ሰላም ባስና ስካይ ባስን የመሳሰሉት ቁጥር የተጻፈበት ትኬት ይዘው ሲመጡ የብዙ ሰው ደስታ የመጣው ከቴሌቪዥኑና ከውሃው ብቻ አልነበረም። አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሮጡ የሄዱት በቁጥር ነው። መጨረሻ ገቡ፤ ወንበራቸው ባዶውን ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። ስለዚህ ቁጥር የደካማ ሰው ጋሻ ሊሆን እንደሚችል ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ጎደለ?

ለክፍት ወንበር አንድ ነገር ልመስክርለት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልቲሞር ወደ ዳላስ ስበር፣ ነጠላ የለበሱ እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ከመጨረሻዎቹ ጋር ገቡ። ጎን ለጎን ባዶ ወንበር የለም። ልጅቷ ዙሪያውን ታያለች፣ እናቷ ክንዷን ይዘዋል። ማንም ምንም ሳይላቸው ኮሪደር ዳር የተቀመጠ ሰውዬ ተነስቶ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ሄደና መሃል ገባ። ሁለቱ ተቀመጡ። እናትየው በአማርኛ መረቁት። እሱም የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

ያ ሰውዬ ለዚያች ወንበር 40 ዶላር ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ይነሳ ነበር? ምናልባት። እኔ ግን ባይነሳ አልፈርድበትም። ያልተከፈለበትን ወንበር መልቀቅ ደግነት ነው፤ የተከፈለበትን መልቀቅ ግን ኪሳራም አለው። ወንበር ዕቃ ሲሆን ከወንበሩ ጋር የሚሸጠው የእኛ መጠጋጋት ነው። በሚኒባስ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል እያጉረመረምንም ቢሆን የምንጠጋው እኮ ማናችንም ሴንቲሜትሩን ለብቻው ስላልገዛነው ነው።

ጠቡ መሆን የነበረበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቁጥር ይኑር አይኑር የሚለው ንዑስ ጥያቄ ነው። ዋናው ጥያቄ ወንበሩ ትኬቱ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ይሸጣል የሚለው ነው። የአያቴ ቁጥር ትኬቱ ላይ ተጽፎ የተሰጣቸው ነው። አሁን አውሮፕላን ላይ የምናየው ቁጥር ግን በየዓይነቱ የተሰናዳ ሸቀጥ ነው። ሳውዝዌስት ዛሬ እግር የሚያዘረጋ፣ ፊት ለፊት ያለና ተራ ብሎ ሦስት ዓይነት ወንበር ይሸጣል። በጣም ርካሹን ትኬት የገዛ ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወንበር አይመርጥም፤ በረራው ሲቃረብ የተረፈው ይመደብለታል።

ገበያው ትንሽ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ሴኔት አንድ ንዑስ ኮሚቴ በኖቬምበር 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ አሜሪካን፣ ዴልታ፣ ዩናይትድ፣ ፍሮንቲየርና ስፒሪት የተባሉት አምስት አየር መንገዶች ከ2018 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ከወንበር ክፍያ ብቻ 12.4 ቢሊዮን ዶላር ሰብስበዋል። ከትኬት ሽያጭ አላልኩም፤ ከወንበር ነው። ቆሞ የሚበር ሰው የሌለ ይመስል! (ለነገሩ የለም፤ ክፍያው የሚገርመውም ለዚህ ነው።)

ይህ ገበያ የሚደራው በአንድ ስሜት ነው፤ ከሰዎቼ እለያይ ይሆን በሚል ፍርሃት። የእንግሊዝ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በ2018 ከ4,000 በላይ ተሳፋሪዎችን ጠይቆ ያወጣው ውጤት፣ ተጨማሪ ካልከፈሉ አብረው ከተጓዙት ሰው የመለያየት ዕድላቸው ከአየር መንገድ አየር መንገድ እንደሚለያይ አሳይቷል። በአንዱ ብዙ ሰው ይለያያል፣ በሌላው ጥቂት። እንግዲህ አብሮ ማስቀመጥ ከባድ ሥራ ቢሆን ኖሮ ለሁሉም እኩል ይከብድ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው የልጅ ነገር ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በኦገስት 2024፣ አየር መንገዶች 13 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነን ልጅ ከወላጁ ጎን ለማስቀመጥ ክፍያ እንዳይጠይቁ የሚከለክል የደንብ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በደንብ መጻፍ ማስፈለጉ በራሱ ያስተዛዝባል። የአራት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጎን እንድትቀመጥ የሚያስከፍል ሰው ተሳፋሪውን ያሳፍራል ብንል፣ አማርኛችን በሁለቱም ትርጉሙ ትክክል ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም፣ ለመስማት ፈቃደኛ ለሆነ፣ ይህ ነው። ቁጥር ይሰጥ። የተሻለ ወንበር የሚፈልግ፣ እግሩ የረዘመ፣ ቶሎ መውረድ የሚሻ ይክፈል፤ አልቀናበትም። ግን አንድ ትኬት አንድ ተራ ወንበር ይዞ ይምጣ፣ አብረው ትኬት የቆረጡ ሰዎች አብረው ይቀመጡ፣ ልጅ ደግሞ ከወላጁ ጋር በነፃ። ይህን ለማድረግ አዲስ አውሮፕላን መግዛት አያስፈልግም። የወንበሩ ብዛት ያው ነው።

እስከዚያው ግን ለእናቶቻችሁ የርካሽ አየር መንገድ ትኬት ስትቆርጡ መጀመሪያ በሚታየው ዋጋ ብቻ አትሸነፉ። ሻንጣውንና ወንበሩን ደምራችሁ አወዳድሩ፤ ብዙ ጊዜ «ውድ» የተባለው ርካሽ ሆኖ ይገኛል። ሁለት ሰው ከሆኑ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ቁረጡላቸው። እናንተ ራሳችሁ ኮሪደር ዳር ተቀምጣችሁ፣ መጨረሻ የገባ ሰው ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ካያችሁም እባካችሁ ስልካችሁ ውስጥ አትደበቁ።