ለመወደድ የማይቸኩል ሽቶ

ፓቹሊን አንዴ አሽትቶ ወዲያው የሚወደው ሰው ብዙ አይደለም። እርጥብ አፈር፣ ተዘግቶ የከረመ ምድር ቤት፣ ትንሽ የካምፎር ቅዝቃዜ፤ መጀመሪያ አፍንጫ ላይ የሚደርሰው ይሄ ነው። «ይሄ ደግሞ ሽቶ ነው?» ብሎ ጠርሙሱን የሚመልስ ሰው አይፈረድበትም። እኔ ግን ከሽቶ ሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው።

ፓቹሊ የሚወጣበት ተክል በሶብላና ጦስኝ ከሚመደቡበት ቤተሰብ ነው። ዛሬ የዓለም ገበያ የሚጠቀምበት ዘይት አብዛኛው የሚመጣው ከኢንዶኔዥያ፣ ከሱማትራና ከሱላዌሲ ደሴቶች ነው። እርጥቡ ቅጠል ብዙም አይሸትም። ታጭዶ ይደርቃል፣ ተከምሮ ትንሽ እንዲብላላ ይተዋል፤ ሽታው የሚፈታው ያኔ ነው። ከዚያ እንደ አረቄ በእንፋሎት ይወጣል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቢሆን ነው። በተለምዶው የብረት በርሜል የወጣው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ በማይዝግ ብረት የወጣው ደግሞ ገርጣ ያለ ወርቃማ ይሆናል። የሎሚና የብርቱካን ዘይት ሲከርም ይበላሻል፤ ፓቹሊ ግን በከረመ ቁጥር ይለዝባል።

አንድ ጠብታ ወረቀት ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ከሰዓታት በኋላ ካምፎሩ ይሄድና እንጨት፣ ደረቅ ቅጠል፣ ከሥሩም የኮኮዋ ዱቄት የመሰለ ደብዛዛ ጣፋጭነት ብቅ ይላል። ወረቀቱ በሳምንቱም ይሸታል። ሽቶ ሠሪዎች የቅመማቸው መሠረት የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ቶሎ የሚበኑትን ሽታዎች፣ በተለይ ጽጌረዳን፣ ይዞ ያቆያቸዋል።

ሠፈራችን ልብስ የሚሰፉ አንዲት ሴት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ከዱባይ የምትልክላቸውን ፓቹሊ ይቀባሉ። ሱቃቸው ሲገባ የሚቀድመው የአዲስ ጨርቅና የካውያ ሽታ ነው። የሳቸው የሚመጣው ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ወገብ ለመለካት ጠጋ ሲሉ ነው። ደንበኛ ስልኳ ላይ የምታሳያቸውን ቀሚስ አየት ያደርጉና «ይሄ አንቺ ላይ አያምርም፣ የኔ ልጅ» ይላሉ። አያባብሉም። አዲስ ሰው ቅር ይለዋል፣ የተቆጡት ይመስለዋል። ሠርግ የደረሰባት ልጅ ግን እናቷን ይዛ የምትሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው ባሉበት ሌላው ሰው ረጋ ብሎ ያወራል፤ ዓይን አፋሯ ልጅ እንኳ የምትፈልገውን በግልጽ ትናገራለች። እኔ የፓቹሊ ሰው የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ሌላውን ሳይሸፍን አጠገቡ ያቆማል።

ሰዎች ግን ለዚህ ሽታ ሌላ ሌላ ጠባይ ሲሰጡት ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከካሽሚር ወደ አውሮፓ የሚጓዘውን ውድ ሻል ብል እንዳይበላው ነጋዴዎች በእጥፉ መሀል የፓቹሊ ቅጠል ያስገቡ ነበር። ገዢዎቹ ሽታውን ስለለመዱት እውነተኛውን ሻል በእሱ መለየት ጀመሩ፤ አስመስለው የሚሸምኑት አውሮፓውያንም የራሳቸውን ሥራ ፓቹሊ እንዲሸት ያደርጉ ጀመር። ሽታው የሀብት ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሂፒዎቹ ወሰዱት፤ የሀብታም ቤት ሽታ የነበረው የእምቢተኛ ወጣት ሽታ ሆነ። እስከ ዛሬ በአሜሪካም በአውሮፓም ፓቹሊ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ያ ዘመን ነው።

በ1992 ሽቶ ሠሪው ኦሊቪዬ ክሬስፕ ለቲዬሪ ሙግለር ኤንጅል የተባለውን ሽቶ ሲቀምር ፓቹሊን ከካራሜልና ከቸኮሌት ሽታ ጋር አጋጨው። ከዚያ ወዲህ ጣፋጭ ፓቹሊ ያልገባበት የሴቶች ሽቶ መደርደሪያ የለም፤ በ2001 የወጣው የሻኔል ኮኮ ማድሞዜልም ውስጥ አለ። «ፓቹሊ አልወድም» የምትሉ ሳታውቁት ተቀብታችሁት ይሆናል። የክሬስፕን ድፍረት አደንቃለሁ። ግን ስኳር የበዛበት ፓቹሊ እንዳይከፋን ብሎ የሚያወራ ሰው ይሆንብኛል። የኔ ልብ ያለው በርናርድ ሻንት በ1971 ለክሊኒክ የሠራው አሮማቲክስ ኤሊክሲር ላይ ነው፤ እዚያ ውስጥ አፈሩ አፈር፣ መራራውም መራራ ሆኖ ከጽጌረዳው ጋር ይኖራል።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ንጹሁን ዘይት ቆዳ ላይ አታፍስሱት፣ በሌላ ዘይት አቅጥኑት። ለጀማሪ ከጽጌረዳ ጋር የተቀመረው ይቀላል። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁም አትወስኑ፤ እጃችሁ ላይ ጥቂት አድርጋችሁ ወደ ጉዳያችሁ ሂዱ፣ ማታ ላይ እንደገና አሽትቱት።