ደንበኛ ፊት ስለ መቅረብ

የማኅበራችን መጽሔት ስለ ትምህርትና ስለ አገር ጉዳይ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ልብስ ማውራት ቀልድ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጀምር ወገን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥመው ጥያቄ ስለሆነ ከራሴው ልነሣ።

ከሪያድ በስተደቡብ ያለው ሺፋ ያገለገሉ መኪናዎች በብዛት የሚሸጡበት ሠፈር ነው። የንግድ ትምህርት ተማሪ እንደመሆኔ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበት ድርጅት የጋራዥ ዕቃ ያቀርባል። ሥራዬም ከአንድ አንጋፋ ሱዳናዊ ሻጭ ጋር እየዞርኩ ደንበኞችን ማነጋገር ነበር። ለመጀመሪያው ቀን አገር ቤት ለምረቃ የተሰፋልኝን ጥቁር የሱፍ ኮት ከነክራባቱ ለበስኩ። ወሩ ሐምሌ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ። ከመኪና ወርጄ በሩ ዘንድ እስክደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ።

ደንበኛው ነጭ ቶብ የለበሱ፣ ቀይና ነጭ ሽማግ የጠመጠሙ አዛውንት ናቸው። የተቀበሉን በወንበር ሳይሆን ምንጣፍ በተነጠፈበት መጅሊስ ነው። ጫማ ይወልቃል! ለኮቱ እንጂ ለካልሲው አላሰብኩም ነበርና የግራ አውራ ጣቴ ብቅ ብሎ ታየ። አዛውንቱ አይተው እንዳላዩ ሆነው ቡና አቀረቡልኝ። እኔ ግን እግሬን ስደብቅ ስለ ዋጋ ከተባለው ግማሹ አመለጠኝ።

ሱዳናዊው በመንገድ ላይ መከረኝ፦ ቀለል ያለ ሱሪ፣ የተተኮሰ እጀ ረጅም ሸሚዝ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ፣ ደህና ካልሲ። ኮት በእጅ ተይዞ በር ላይ ይለበሳል። ወርቅና ሐር ለወንድ በእስልምና የተነቀፈ ስለሆነ ቀለበቱም የሐር ክራባቱም ይቅር። «እኔስ ቶብ ብለብስ?» አልኩት። «ሰውየው የምትሸጥለትን ትቶ ለምን እንደለበስክ ያስባል» አለኝ።

እኅቶቻችንን በሚመለከት፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የውጭ አገር ሴቶች ጨዋ ልብስ ይልበሱ እንጂ ዐባያ አይገደዱም። የማውቃቸው የሺፋ ሠራተኞች ግን ዛሬም አልተዉትም። «ደንበኛው ዐይኑን ሳይሆን ጆሮውን እንዲሰጠኝ ነው» ትላለች አንዷ።

የከበደኝ ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ኮቴን በር ላይ ለብሼ ወደ አንድ መኪና መሸጫ ስገባ፣ መኪና የሚያጥቡ ሰው ቱቦውን ዘግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው በዐረብኛ «ይግቡ ጌታዬ» አሉኝ። አንድ ቤት የምንኖር፣ ጋሼ የምላቸው የወሎ ሰው ናቸው። ፀሐይ ዐይናቸው ውስጥ ነበርና አላወቁኝም። እኔ ግን አውቄያቸዋለሁ። ደንበኛው እያየ ስለነበር ሳልጠራቸው አለፍኩ።

ማታ ሽሮ ስንበላ «ዛሬ ሐበሻ የሚመስል ትልቅ ሰው አየሁ» ብለው አጫወቱን። «እኔ ነበርኩ» አልኩ። ጥቂት ዝም አሉ። ቆየት ብለውም «ያን ኮት ዐርብ ታውሰኛለህ? ለልጆች ፎቶግራፍ ልልክ ነው» አሉኝ።

ዐርብ ሲለብሱት እጀታው አጠራቸው። እግራቸው ላይ ሸበጥ ስለነበር ከወገብ በላይ አነሣኋቸው።