ተሳቢው ይጎንበስ

ሰው በጉልበቱ ሲመካ ብልሃትን ይረሳል፤ ጉልበቱ ሲደክም ግን ብልሃትን ፍለጋ ይወጣል። ይህ በእኛ ላይ የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፣ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ልናወራው ወደድን።

ወዳጃችን ከአባቱ የወረሳት አንዲት ትንሽ የእንጨት ጀልባ አለችው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በተሳቢ ጭነን፣ በሞጆና በዝዋይ በኩል አድርገን፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ላንጋኖ ሐይቅ እንወርዳለን። ጀልባይቱ በውኃ ላይ እንደ ላባ የቀለለች ናት፤ ተሳቢው ላይ በምትጫንበት ጊዜ ግን አራት ሰው ታስጨንቃለች። በወጣትነታችን ይህን እንደ ጨዋታ እንቆጥረው ነበር። ዕድሜ ገፋ ሲል ግን አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እጃችን ከዳን፤ ጀልባይቱም ተንሸራትታ የወዳጃችንን ሁለት ጣቶች ከተሳቢው ጠርዝ ጋር አጣበቀቻቸው። በመንገድ ሁሉ ዝም ብሎ መጥቶ ከተማ ስንገባ «ከእንግዲህ ትሸጥ» አለ። የአባቱን ጀልባ መሸጥ ለእርሱ ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቅ ነበርና መልስ አልሰጠነውም።

በዚያን ጊዜ በቂርቆስ፣ ካዛንቺስ ከሚባለው ሰፈር አንድ ሽማግሌ በያጅ ነበሩ። የተሳቢውን ጠርዝ በጎማ እንዲሸፍኑልን ብቻ ለመንናቸው። እርሳቸው ግን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፦

«ልጆቼ፣ ሐይቁ ላይ ጀልባይቱን የሚሸከማት ማን ነው?» አሉን።

«ውኃው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ምድር ላይስ?»

«እኛ።»

«ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ነው። የደንገል ታንኳ ሲርስ ይከብዳል፤ እንዲደርቅ ስናቆመው አንዱን ጫፍ ብቻ እናነሣለን፤ የቀረውን ምድር ይይዝልናል። የእናንተ ተሳቢ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጀልባይቱ ወደ እርሱ እንድትወጣ ይጠብቃል። እርሱ ይጎንበስ!»

እንደ ቃላቸውም አደረጉ። መጎተቻውንና መጫኛውን አንድ አድርጎ የያዘውን ብረት ቆርጠው፣ በአክስሉ አጠገብ በማጠፊያ አያያዙት፤ ከፊት በኩል በፔርኖ ቆለፉት። ፔርኖው ሲነቀል የመጫኛው ኋላ ወደ መሬት ይወርዳል። በመካከሉ የጎማ ተንከባላዮችን፣ በግራና በቀኝ አሮጌ ምንጣፍ የለበሱ እንጨቶችን፣ ከፊት ደግሞ የእጅ ዊንች አደረጉ። ጀልባይቱ በገመድ ተስባ የክብደቷ መካከል ማጠፊያውን ሲያልፍ፣ መጫኛው በገዛ ራሱ ይደፋና ይተኛል። ክብደቷም ወደ ፊት ጥቂት እንዲያደላ፣ ከዐሥር አንድ እጅ ያህሉ በመኪናው መንጠቆ ላይ እንዲያርፍ አደረጉ፤ ወደ ኋላ ያደላ ጭነት በፍጥነት ጊዜ ተሳቢውን እንደሚያወዛውዘው አስረዱን። ጎማዎቹም ውኃ ውስጥ መግባት ስለማያስፈልጋቸው ኩሽኔታው ከዝገት ዳነ።

በሚቀጥለው ጉዟችን ላንጋኖ ዳር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወዳጃችን ዊንቹን በደኅናው እጁ አዞረ፤ ጀልባይቱም ቀስ ብላ ወጣች። መጫኛው ሲተኛ ወዳጃችን ሣቀ። ስለ መሸጥም ዳግመኛ አላነሣም።

ምስጋናችንን ልናደርስ አስበን ስናዘገይ 2017 ዓ.ም. ደረሰ፤ በዚያም ዓመት ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። ስሙን በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ያገኘው ያ ሰፈር፣ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተበተኑ። እኛም በሄድን ጊዜ የሽማግሌውን ደጅ የሚያመለክተን አላገኘንም። ምስጋና በጊዜው ካልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ዕዳ በምን እንክፈለው? በየመሥሪያ ቤታችን ብዙ ባለ ጉዳይ ሸክሙን ይዞ ከፊታችን ይቆማል፤ እኛም ቀጥ ብለን ተቀምጠን፣ ወደ እኛ እንዲወጣ እንጠብቃለን። ለመሸከም የተሠራ ሁሉ አስቀድሞ መጎንበስን ይማር። የሽማግሌው ብድር ምናልባት በዚህ ይመለስ ይሆናል።