ያልተሸነፍንበት ዓመት

እናንተ ቤት የኳስ ደጋፊ አለ? ካለ ቅዳሜና እሁድ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ምሳው ይቀዘቅዛል፣ ሪሞቱ ከአንድ ሰው እጅ አይወጣም፣ እንግዳ ሲገባ ሰላምታው በግማሽ ዓይን ነው። እኛ ቤት ያ ሰው ለብዙ ዓመት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ሁለት ሆነናል፤ የ11 ዓመቱ ልጄ ተጨምሯል። አርሴናልን እሱ አልመረጠውም፣ ከእኔ ወረሰው። ባለቤቴ «በዘር የሚተላለፍ ነው፤ መድኃኒት የለውም» እያለች ለሰው ታስረዳለች።

ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. እሁድ ማታ ይኸው ልጅ አለቀሰ። ቡድናችን በመጨረሻው ጨዋታ ኤቨርተንን 2 ለ 1 አሸንፏል። ግን በ89 ነጥብ ሁለተኛ ነው፤ ማንቸስተር ሲቲ በ91 ዋንጫውን ወሰደ። ልጄ ፊቱን ትራስ ውስጥ ቀብሮ ቆየና፣ «ባቢ፣ አንተ ልጅ እያለህ ግን አንድም ጊዜ ሳይሸነፉ ነው አይደል ዋንጫ የበሉት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። እንደ ተረት ደጋግሜ ያወራሁለት ነገር ነው። አጠያየቁ ግን አሳዘነኝ። ልጁ እኔ እንደሱ አልቅሼ የማውቅ አይመስለውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ታሪኩን ሳወራለት የሚያመውን የሚያመውን እየዘለልኩ ነበር። እስቲ ለእናንተ ሳልዘል ላውራላችሁ።

ዘመኑ 1996 ዓ.ም.፣ ቦታው አርባ ምንጭ ነው። 17 ዓመቴ ነበር። ከተማዋን ያላያችሁ ካላችሁ፣ አንድ አይደለችም፣ ሁለት ናት፤ ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ። ሴቻ ጠርዝ ላይ ስትቆሙ በግራ ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ መሃላቸው ላይ የእግዜር ድልድይ ይታያችኋል። ሰው ይህን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣል። እኛ ቤታችን ሴቻ ሆኖ ዞር ብለን አናየውም ነበር፤ ምክንያቱም ኳሱ ያለው ሲቀላ ነው። ዲሽ ያለው አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ ውስጡ እንደ ምድጃ የሚግል፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ መግቢያው አንድ ብር። ቁልቁለቱን በሩጫ እንወርዳለን። ዳገቱ ግን እንደ ውጤቱ ነው፤ አንዳንዴ ይቀላል፣ አንዳንዴ አያልቅም።

ግማሹ ተመልካች የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነበር። ኢንስቲትዩቱ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በዚያው ዓመት ነው። ለከተማው ሰው ትልቁ ወሬ እሱ ነበር፤ ለእኛ ግን ቲዬሪ ሄንሪ።

አባዬ ደግሞ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነው። ቡድኑም የፋብሪካው ቡድን፣ አርባ ምንጭ ጨርቃጨርቅ። ለእሱ ኳስ ማለት ሜዳ ወርደህ የምታየው፣ አቧራው ዓይንህ የሚገባ፣ የሳተብህን ተጫዋች በማግስቱ መንገድ ላይ አግኝተህ «ያቺን ደግሞ እንዴት ትስታታለህ?» የምትለው ነው። የእኔን ነገር ሊገባው አልቻለም። «ያንተዎቹ ስምህን ያውቃሉ?» ይለኛል። ምን ትመልሱ ነበር? እኔ በሩን ዘግቼ እወጣ ነበር።

እንግዲህ ያ ዓመት። አርሴናል በፕሪሚየር ሊጉ 38 ጨዋታ አድርጎ 26 አሸነፈ፣ 12 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ከዚያ በፊት ይህን ያደረገው ፕሬስተን ብቻ ነው፤ እሱም ከ115 ዓመት በፊት፣ በ22 ጨዋታ። ሰው 26ቱን ያነሳል። እኔ 12ቱን ነው የማልረሳው። አቻ ማለት ላላየው ሰው ባዶ ነው። ላየው ሰው ግን 90 ደቂቃ ሙሉ «አሁን ተሸነፍን፣ አሁን ተሸነፍን» እያሉ መቀመጥ ነው። መስከረም 10 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 0 ለ 0 ሆኖ ሰዓቱ አልቋል፤ ጭማሪው ላይ ለማንቸስተር ዩናይትድ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። ቫን ኒስትልሮይ መታ። ኳሷ አግዳሚውን ገጭታ ተመለሰች። ያቺ ኳስ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወራላችሁ ነገር የለም። በስድስተኛው ጨዋታ ያልቅ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ግን ያቺ አንድ ሳምንት ናት። መጋቢት 25፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ በኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸነፈን። ማክሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት፣ ቼልሲ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አግብቶ ከቻምፒየንስ ሊግ አስወጣን። «ያልተሸነፈው» ቡድን በአራት ቀን ሁለት ጊዜ ተሸንፏል ማለት ነው፤ ሊጉ ላይ ስላልሆነ ብቻ አይቆጠርም። ለልጄ ይህን ነግሬው አላውቅም ነበር። ከዚያ ዓርብ ሊቨርፑል ይመጣል። ዓርብ ደግሞ ሚያዝያ 1፣ ስቅለት ነው።

ስቅለት እኛ ቤት ቀልድ የለም። ጠዋት ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን መግባት፣ ስግደቱ እስኪያልቅ መቆየት፣ ምግብ የለ፣ ውሃ የለ። እኔም ገባሁ። ሰገድኩም። ከሰዓት ላይ ግን ነጠላዬን አጣጥፌ፣ በሰው መሃል ተሹለክልኬ ወጣሁ። ዛሬ የልጅ አባት ሆኜ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔም አሳፍሮኛል። ቁልቁለቱን ስወርድ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ውሻ እንኳ የለም። የዲሹ ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ድምፁ ተዘግቷል። ውስጥ አሥራ ምናምን እንሆናለን። ማንም ማንንም አያይም።

ሊቨርፑል ገና ከመጀመሩ አገባ። ሄንሪ አስተካከለ። እረፍት ሳይወጡ ኦውን ሁለተኛውን ደገመ፤ 2 ለ 1 እየተመራን ወጣን። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ለኳሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እግዜር እኔን ሊቀጣ ሀይበሪ ድረስ የሄደ መስሎኝ ነበር። በ17 ዓመት እንዲህ ይታሰባል። ከዚያ ከእረፍት መልስ ፒሬስ አቻ አደረገ። ወዲያው ሄንሪ ከመሃል ሜዳ ኳስ ይዞ ተነሳ፣ አንዱን አለፈ፣ ካራገርን አዞረውና መረብ ውስጥ ከተታት። መጮህ አይቻልም፤ ስቅለት ነው። አሥራ ምናምን ሰው አፉን በነጠላ አፍኖ ሲዘል አስቡት። ቆይቶ አራተኛዋን ደገማት። 4 ለ 2።

ዳገቱን ስወጣ ቀላል አልነበረም። ቤት ስደርስ ሁሉም ተመልሰዋል። እናቴ ከሐሙስ የተረፈውን ጉልባን ታቀርባለች። አባዬ ደጅ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ቄሱ ስግደቱ ሲያልቅ ምእመኑን በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ስግደት ይሰጡ የለ? እዚያ ሰልፍ ላይ እንዳልነበርኩ አይቷል። የምዋሸውን ውሸት መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ራሴን አመመኝ፣ ጥላ ስር ተኛሁ። አፌን ሳልከፍት፦

«ስንት ለስንት?» አለኝ።

ውሸቱ ጠፋብኝ። «አራት ለሁለት» አልኩ።

«ስድስት ጎል። ለእያንዳንዱ ጎል አርባ አንድ ትሰግዳለህ።»

«ሊቨርፑል ያገባውም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል።»

246 ነው፤ እዚያው ጓሮ፣ ሙዙ ስር፣ እሱ እየቆጠረ። መቶ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እናቴ «ተወው እንጂ፣ ልጁ አልበላም» ስትል፣ አባዬ መቁጠሩን ሳያቋርጥ አጠገቤ ወርዶ አብሮኝ መስገድ ጀመረ። እሱ የራሱን ጨርሷል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ውሏል። ስንጨርስ «ያ ፈረንሳዩ ልጅ ስንት አገባ?» አለኝ። «ሦስት።» ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ የቄጠማ ዕለት ደረጃ መውጣት አልቻልኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 17፣ ቶተንሃም ሜዳ ላይ 2 ለ 2 ወጥተን ዋንጫውን አረጋገጥን። ግንቦት 7 ሌስተርን 2 ለ 1 አሸንፈን ዓመቱን ሳንሸነፍ ጨረስን። ሌስተርም ቀድሞ አግብቶብን ነበር፤ እስከ መጨረሻው ቀን እፎይ የሚባል ነገር የለም። ሲቀላ አብዷል። አባዬ ግን እንኳን ደስ አለህ አላለኝም።

ያለኝ በቀጣዩ ዓመት ነው። ጥቅምት 14 ቀን 1997፣ ሳይሸነፉ 49 ጨዋታ ከሄዱ በኋላ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ፍፁም ቅጣት ምቱን ያገባው ያው ቫን ኒስትልሮይ ነው። ሁለተኛውን ሩኒ፣ በ19ኛ ዓመት የልደት ቀኑ። ዳገቱን ወጥቼ ሳላወራ ወደ አልጋዬ ስሄድ አባዬ ከውጭ ተከትሎኝ ገባና፣ «አሁን ገና መደገፍ ጀመርክ» አለኝ። ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ። አባዬ ሻይ ሲያፈላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የሚያውቀውን ነው የተናገረው። የእሱ ቡድን ስሙ አርባ ምንጭ ከተማ ሆኗል፤ ደጋፊው «አዞዎቹ» ይላቸዋል። በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረዱ፣ በ2013 ተመለሱ፣ በ2015 እንደገና ወረዱ፣ በዚያው በ2016 ደግሞ ዳግም መመለሻቸውን አገኙ። አባዬ ጡረታ ወጥቷል፣ ጉልበቱ ደክሟል፤ ሲወርዱም ሲወጡም ግን ሜዳ መሄዱን አልተወም።

እና ያን እሁድ ማታ ለልጄ ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ ስቅለቱን፣ ውሸቱን፣ 246ቱን። ትራሱን ጥሎ ተቀመጠ። «አባባ አብሮህ ሰገደ?» አለኝ ሦስት ጊዜ። ከዚያ «ደውልለት» አለ።

አባዬ ስልኩን አነሳና ከሰላምታ በፊት «ስንት ለስንት?» አለ።

«ሁለት ለአንድ አሸነፍን አባባ፣ ግን ዋንጫውን አጣን» አለ ልጄ፤ ድምፁ እንደገና ተሰበረ። ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ገባ፣ በሩንም ዘጋው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ምን እንደተባባሉ እስካሁን አልነገሩኝም። በሩ አጠገብ ሳልፍ የሰማሁት የልጄን ድምፅ ብቻ ነው፦ «ዘንድሮ በሊጉ አምስት ጊዜ ነው የተሸነፍነው አባባ። አምስት ጊዜ አርባ አንድ… ሁለት መቶ አምስት። አብረኸኝ ትሰግዳለህ?»