በሊትር ስንት ትሄዳለች?

ሞተረኞች ማደያ ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚህ ያርፋል፦ «ያንተዋ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» አንዱ 40 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ሌላው በዚያችው ዓይነት ቦክሰር ሞተር 55። ሁለቱም እውነታቸውን ይሆናል። አንዱ ዕቃ ጭኖ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት ሲወጣ ይውላል፣ ሌላው ብቻውን ሜዳ ለሜዳ በዝግታ ይነዳል። ፍጥነትህን ከ40 ወደ 80 ብታሳድገው የነፋሱ ግፊት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ከዕለት ገቢው ላይ ቤንዚን ለሚቀንስ ሰው ደግሞ ይህ የሊትር ቁጥር የቤቱ ጉዳይ ነው።

እኔ በግምት አላምንም። ሙሉ አስሞላ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ፣ ንዳ፣ እንደገና እዚያው ልክ ድረስ አስሞላና አካፍል፤ 300 ኪሎ ሜትር በ6 ሊትር፣ 50 ማለት ነው። ስታስሞላ ሞተሯ ቀጥ ብላ ትቁም፤ ወደ ጎን ካዘነበለች ልኩ ይሳሳታል። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ደጋግመው።

ቁጥሩ ድንገት ከወረደብህ የጎማውን ነፋስና ካቴናውን እይ። ጥፋቱ ከካርቡሬተሩም ሊሆን ይችላል፦ አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ከአየሩ በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላውን ፈተህ ጫፉ ጥቀርሻ ለብሶ ካገኘኸው ወደ መካኒክ ሂድ።