ደብዳቤን ስለ መጠበቅና ስለ መጣል

የሰው ልጅ ጽሕፈትን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ነገሮች አብረውት ይኖራሉ፤ አንደኛው የተጻፈውን ለመጠበቅ ያለው ምኞት ነው፤ ሁለተኛውም የተጻፈው ሲበዛ የሚያድርበት ጭንቀት ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የመጀመሪያውን በሚገባ አስረድተውናል። ስለ ሁለተኛው ግን ብዙ የተናገሩት የለም። በእነርሱ ዘመን ብራናው ውድ፣ ጸሐፊው ጥቂት፣ መልእክተኛውም በእግሩ ወይም በበቅሎ የሚሄድ ስለ ነበረ የደብዳቤ ብዛት የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። ይህ ጭንቀት ለእኛ ዘመን የተረፈ ነው።

ዛሬ በአራት ኪሎ፣ በድሉ ሐውልት ዙሪያ ከሚያልፈው ሕዝብ መካከል አንዱን መምህር ወይም አንዱን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አቁመን በኪሱ የያዘውን ስልክ እንዲያሳየን ብንለምነው፣ ሳይነበቡ የተከማቹ ብዙ ሺሕ የኢሜይል መልእክቶች ብናገኝበት አይደንቀንም። እኛ ራሳችን ባለፈው ክረምት ብንመለከት ከዐሥራ አንድ ሺሕ በላይ ሆነው አገኘናቸው። ስልኩም ማስቀመጫው ሊሞላ መቃረቡን ደጋግሞ ያስታውቀን ጀመር። ይህን ለወጣቶች ወዳጆቻችን ባማከርናቸው ጊዜ ምክራቸው አጭር ነበር፤ «ሁሉንም ምረጡና ሰርዙት፤ በአንድ ደቂቃ ያልቃል» አሉን። እውነት ነው፤ ያልቃል። ነገር ግን በአንድ ደቂቃ የሚያልቀው ምን ምን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ መስሎ ስለ ታየን፣ ያሰብነውን ለአንባብያን ለማካፈል ይህን ጽፈናል።

በአገራችን የፖስታ ሥራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ደብዳቤ በየቤቱ ከመታደል ይልቅ በፖስታ ሣጥን ቁጥር መቀመጡ የቆየ ልማዳችን ነው። ሣጥኑ ጠባብ ስለ ሆነ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ እየሄደ ባዶ ማድረግ ነበረበት። የሣጥኑ ጥበት ሰውን ሳያውቀው ሥርዓት ያስተምረው ነበር ማለት ነው፤ ደብዳቤው ይወሰዳል፣ ይነበባል፣ ይመለስለታል፣ ከዚያም ወይ ይቀመጣል ወይ ይጣላል።

ኢሜይልም በመጀመሪያው ዘመኑ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 በመረብ ከተያያዙ ኮምፒዩተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው መልእክት መላክን ካሳየ በኋላ፣ ነገሩ ወደ አገራችን ሕዝብ እስኪደርስ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ፈጅቷል። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በፒያሳና በአራት ኪሎ በተከፈቱት የኢንተርኔት ቤቶች በደቂቃ እየከፈልን ደብዳቤ ስናነብ የነበርን ሰዎች፣ መልእክቱ እስኪከፈት ድረስ ዐይናችን በሰዓቱ ላይ እንደ ነበረ አንረሳውም። በዚያን ጊዜ ያሁ ለአንድ ሰው በነጻ የሚሰጠው ማስቀመጫ 4 ሜጋባይት፣ ሆትሜይል የሚሰጠው ደግሞ 2 ሜጋባይት ነበር። ማስቀመጫው ጠባብ ስለ ነበረ ያልሰረዘ ሰው አዲስ ደብዳቤ አይደርሰውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 ጉግል ጂሜይልን ሲያቋቁም ለእያንዳንዱ ሰው 1 ጊጋባይት ሰጠ። ይህ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር እንደ አንድ ሙዳይና እንደ አንድ ጎተራ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብዳቤ መሰረዝ አስፈላጊ አይደለም የሚል አዲስ ልማድ በዓለም ላይ ተተከለ። ዛሬ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ ነገር ግን ፎቶግራፉም፣ ሌላውም ሰነድ ከደብዳቤው ጋር የሚካፈለው ስለ ሆነ ጎተራውም ቢሆን መሙላቱ አልቀረም።

ስለ ብዛቱ ምክንያት ባሰብን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልን። በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አንድ ገጽ ለማሳተም ፊደሉ አንድ በአንድ ይለቀም ነበር። በመሥሪያ ቤትም ጸሐፊዋ ደብዳቤውን በታይፕ ስትመታ ግልባጩ በካርቦን ወረቀት የሚወጣ ስለ ነበረ ከአራትና ከአምስት በላይ ከሆነ ደብዝዞ አይነበብም። ቴምብሩንም የሚገዛው ላኪው ነው። ስለዚህ ከመላኩ በፊት «ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋልን?» ብሎ የሚያስበው ላኪው ነበር። በኢሜይል ግን ለአንድ ሰው መላክና ለአንድ ሺሕ ሰው መላክ ድካሙ እኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጋሪ ቱርክ የተባለ የአንድ ኮምፒዩተር ፋብሪካ ነጋዴ ማስታወቂያውን ላልጠየቁት ወደ አራት መቶ ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ የላከው ይህንኑ አውቆ ነው። የማሰቡ ሸክም ከላኪው ትከሻ ወርዶ በተቀባዩ ትከሻ ላይ ተጫነ። እኛ በስልካችን ላይ ተጎንብሰን ስንሰርዝ የምናሳልፈው ጊዜ ሌሎች ሰዎች ሳያስቡ የላኩት ነገር ዕዳ ነው።

እንግዲህ ይህን ዕዳ በሁለት መንገድ ለማምለጥ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ ምንም ሳይነካ ይተወዋል፤ አንዳንዱ ሁሉንም ባንድነት ይሰርዘዋል። ሁለቱም የሚጎዱ ናቸው።

ሳይነኩ መተው የሚያመጣውን ጉዳት አንድ መምህር ወዳጃችን ያውቀዋል። ማስቀመጫው ፈጽሞ ሞልቶ ስለ ነበረ ለውጭ አገር ትምህርት የሚያመለክት ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍለት የላከው ልመና ሳይደርሰው ወደ ላኪው ተመለሰ። ተማሪውም መምህሩ የናቀው መስሎት ዝም አለ። ነገሩ የታወቀው የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በታሪካችንም ከዚህ እጅግ የከበደ ምሳሌ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ሎንዶን ከደረሰ በኋላ መልስ ሳይሰጥበት ከወረቀት መካከል ተቀመጠ። በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ጦርነት ድረስ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ዝምታ ነው። ደብዳቤው አልጠፋም፤ ዛሬም በእንግሊዝ አገር መዛግብት ውስጥ ይገኛል። የጠፋው መልሱ ነበር። ስለዚህ ማስቀመጥ ብቻውን መጠበቅ አይደለም።

ሁሉንም ባንድነት መሰረዝ ስለሚያመጣው ጉዳት ያስተማሩን ደግሞ አንዲት ማንበብ የማይችሉ እናት ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲነሡ፣ እኒህ ጎረቤታችን ወደ ሌላ ሰፈር ለመዛወር ዕቃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ከአልጋቸው ሥር በወረቀት የተሞላ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ወጣ። ልጆቻቸው «ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን ይጠቅማል? ይቃጠል» አሉ። እርሳቸው ግን እኛን አስጠርተው እንድናነብላቸው አደረጉን። ከላይ እስከ ታች ስንጀምር «ተው ልጄ፣ እንደሱ ካነበብነው ፋሲካ ይደርስብናል፤ መጀመሪያ የማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ» አሉን።

እንደ ታዘዝነው አደረግን። ደብዳቤውን በላኪው ስም እየለየን በምንጣፍ ላይ ደረደርነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። የእድር መጥሪያውና የሠርግ ጥሪው ቀኑ ያለፈ ስለ ሆነ ባንድነት ወደ እሳቱ ሄደ። የባለቤታቸው ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ ወደ ሻንጣው ገቡ። የቤቱ ግብር ደረሰኝ ሲነሣ «ይህ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የልጆቼም ነው፤ ለብቻው አስቀምጠው» አሉ። አንድ ከዘመድ የመጣ ደብዳቤ ደግሞ መልስ ያላገኘ መሆኑን ባስታወሱ ጊዜ «ሰውየው በሕይወት አለ፤ ነገ እንጽፍለታለን» ብለው ከኪሳቸው አኖሩት። ሣጥኑ ሙሉ ወረቀት ከቀትር እስከ ማታ አለቀ። ትልቅ ትምህርት ቤት የገቡ ሰዎች ያላገኙትን ዘዴ እኒህ እናት በሦስት ጥያቄ ፈጸሙት፤ የማን ነው? መልስ አግኝቷልን? ከእኔ ሌላስ የሚያስፈልገው ሰው አለን?

እኛም በስልካችን ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። አንዱን መልእክት በጣት ተጭኖ ይዞ ከዚያ ሌሎቹን መምረጥ፣ ወይም «ሁሉንም ምረጥ» የሚለውን መንካት ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። እኛ ግን በቀኑ ቅደም ተከተል መሰረዝን ትተን በመፈለጊያው ላይ የላኪውን ስም መጻፍን መረጥን። የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ ብቻውን ከሁለት ሺሕ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ሁሉ ባንድነት ለመሰረዝ ማንንም ማዘን አያሻም። ብዙ ሺሕ በሆነ ጊዜ ስልኩ በየጊዜው ጥቂት ጥቂቱን ስለሚያስመርጥ የኮምፒዩተሩን ገጽ መክፈት ሥራውን ያፈጥነዋል። የምናውቀው ነጋዴ ከሆነም እንዳይልክብን የሚያቋርጠውን መስመር ነካን፤ የማናውቀው ከሆነ ግን ምንም ሳንነካበት እንደ አጭበርባሪ መልእክት አስመዘገብነው።

ለአንባብያን ልናስታውሰው የምንወደው ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰዎች ከስልክ ላይ የሚሰርዙት ከስልኩ ብቻ የሚጠፋ ይመስላቸዋል። እንደ ጂሜይል ባለው አገልግሎት ግን ስልኩ መስኮት ብቻ ነው፤ ከዚህ የተሰረዘው በመሥሪያ ቤት ካለው ኮምፒዩተርም ይሰረዛል። የተሰረዘው በቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፤ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ የተጸጸተ ሰው ሊመልሰው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዘለዓለም ይጠፋል። ቅርጫቱ እስኪደፋ ድረስ ማስቀመጫው አይቀልም፤ ስለዚህ የቸኮለ ሰው ወዲያውኑ ይደፋዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በዚህ ግን ካፈሰሱ በኋላ መልቀም የለም።

ሱቁንና ባንኩን፣ ማኅበሩንና ስብሰባውን እየለየን ስንሄድ ከዐሥራ አንዱ ሺሕ ውስጥ የቀረው ከአራት መቶ አይበልጥም ነበር። ከነዚያም መካከል ከሦስት ዓመት በፊት በሰው አገር ያረፈው ታላቅ ወንድማችን የጻፋቸው ሃያ ሦስት ደብዳቤዎች ተገኙ። አብዛኞቹ የጤናና የሰላምታ ናቸው። በአንደኛው ላይ ግን ከአባታችን አፍ የሰማውን የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ድረስ፣ ማን ማንን እንደ ወለደ በስም በስሙ አስፍሮታል። አባታችን ዐርፈዋል፤ ወንድማችንም ዐርፏል፤ ከእኛም ወገን እነዚያን ስሞች በቃሉ የሚያውቅ ሰው ዛሬ የለም። ይህ ደብዳቤ ቆሞ የነበረው በአንድ የጫማ ማስታወቂያና በአንድ የስብሰባ ጥሪ መካከል ነበር። ስሞቹን በእጃችን ገልብጠን ለልጆቻችን ሰጠናቸው፤ የተጻፈውንም በወረቀት አሳትመን ከቤታችን ሰነድ ጋር አኖርነው።

የመንግሥት ሥራን በሚመለከት ደግሞ ጥንቃቄው ከዚህ ይበልጣል። በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር የተቋቋመውና በኋላም ስለ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 የወጣው የአገር ሥራ ሰነድ የአገር ቅርስ ስለ ሆነ ነው። የወረቀት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በመዝገብ ቤት በኩል ያልፋል። ኢሜይል ግን መዝገብ ቤቱን ሳይረግጥ ቀጥታ ወደ ሠራተኛው ኪስ ይገባል። ሠራተኛው ማስቀመጫው ሲሞላበት በአውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም ቢሰርዝ፣ አንድ ውሳኔ ለምን እንደ ተወሰነ የሚያስረዳው ብቸኛ ማስረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሥራ ጉዳይ የሆነውን አስቀድሞ ለመዝገብ ቤቱ ማስረከብ፣ ከዚያም በኋላ በአለቃ ፈቃድ መሰረዝ ሊለመድ የሚገባው ሥርዓት ነው።

ወጣቶች ወዳጆቻችን ሁሉንም ሰርዙ ሲሉን በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቅልል ብሎን እንድንኖር ፈልገው ነው። እኛም መሰረዝን አንነቅፍም፤ ከዐሥራ አንዱ ሺሕ ዐሥሩን ሺሕ ስድስት መቶውን ያለ ሐዘን ሰርዘናል። የምንለምናቸው ጣታቸው ከመውረዱ በፊት የላኪውን ስም እንዲመለከቱ ብቻ ነው። ሱቅ ከሆነ ይሂድ። ሰው ከሆነ ግን ቆም ብለው፣ በሕይወት ካለ መልሱን ይጻፉለት፤ ካረፈም ቃሉን ለልጆቻቸው ያኑሩለት።