የፋኖሱ ጋኔን

ነቀምቴ በክረምት ማታ መብራት ሲጠፋ ከመኝታ ቤታችን ማዶ አንድ ብርሃን ይታየን ነበር፤ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። «የባዶው ቤት ጋኔን ነው» ተባባልን። ይህ አልበቃንም፤ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ለሕፃናቱም አወራንላቸው። በማግሥቱ በዚያ በኩል የሚመጡት ልጆች ፈርተው ዙሪያውን ሄደው አርፍደው ደረሱ። ተንበርክከው ሲቀጡ አንገታችንን ደፋን። ለካስ ብርሃኑ የአንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ፋኖስ ኖሯል!

ጉዱን ስንናዘዝ የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ፍላናን ደሴቶች አጫወቱን። በስኮትላንድ ምዕራብ፣ ባሕር መካከል፣ ለመርከቦች የሚበራ ማማ አለ። በታኅሣሥ 1900 እ.ኤ.አ. ሦስቱ ጠባቂዎች ዱካት፣ ማርሻልና ማክአርተር ደብዛቸው ጠፋ። ሰው መናፍስት ወሰዷቸው አለ። በ1912 ገጣሚው ጊብሰን ያልተነካ ገበታና የወደቀ ወንበር ጨመረበት። ቀድሞ የደረሰው ባልደረባቸው ግን ያየው የታጠበ ዕቃ ነው። መርማሪው ሙርሄድም ከባሕሩ 33 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የነበረ ሣጥን ተሰባብሮ አገኘ፤ ዕቃ ሊያድኑ ወርደው ማዕበል ወሰዳቸው ሲል ደመደመ።

ሥራ ላይ የሞቱትን ሰዎች ተረት ጋረዳቸው። እኛም ሌሊቱን የሚተጋውን ሽማግሌ ጋኔን አልነው።

ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ሄድን። «አባባ፣ ጋኔኑ እርስዎ ኖት?» ቢላቸው አንዱ፣ ሣቁና ፋኖሱን አስያዙት። ሆኖም ሁለቱ ልጆች ዛሬም ዙሪያውን ይሄዳሉ። ፍርሃት ለማስተማር አንድ ቀን በቃን፤ ለማስጣል ግን ገና እየደከምን ነው።